ከፕሮሰሰር ወደ ፕሮሰሰር የሚዛወር ፈተና
(በዓመታዊ ስብሰባ ላይ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)




እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰማ የጥቂት ባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ከኮምፒዩተሩ አካል ጋር በቀጥታ የሚነጋገረውን፣ የታችኛው እርከን ሶፍትዌር የምንለውን ክፍል የምንፈትንበት ፕሮግራም፣ ከአንድ ዓይነት ፕሮሰሰር ወደ ሌላ ዓይነት ፕሮሰሰር ሲዛወር ፍርዱ ሳይዛባ እንዲሠራ ምን ማድረግ ይገባል የሚል ነው። ነገሩ ግን የጥቂቶች ብቻ አይደለም። እኛ ፕሮግራም የምንጽፍበት፣ ከጠረጴዛችን ላይ የተቀመጠው ኮምፒዩተር ባብዛኛው ኢንቴልና ኤ.ኤም.ዲ. የሚሠሩት፣ ኤክስ 86 የተባለው ቤተሰብ ፕሮሰሰር ያለበት ነው። ፕሮግራሙን የሚጠቀምበት ሰው በእጁ የያዘው ስልክ ግን፣ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ፣ አርም የተባለው ቤተሰብ ፕሮሰሰር ያለበት ነው። ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ፣ ጣርማ በር ላይ ወደ ሞላሌና ወደ መሐል ሜዳ የሚወስደውን መንገድ ይዞ መዘዞ የሚደርስ ሰው፣ በገበያው መካከል በየሰው እጅ የሚያየው ኮምፒዩተር ይኸው ስልክ ነው። እንግዲህ ፈታኙና ተጠቃሚው በሁለት የተለያዩ መሣሪያዎች ላይ ይገኛሉ ማለት ነው። ፈተናው «አልፏል» ብሎ ሲመሰክር የመሰከረው ስለ ፈታኙ መሣሪያ እንጂ ስለ ባለስልኩ አይደለም።

በበኩሌ የችግሩ ሥር ከአንድ ቦታ የሚመነጭ ይመስለኛል፤ ይኸውም አብዛኛው ፈተና የሚጠይቀው ፕሮግራሙ የገባውን ቃል ሳይሆን ፈተናው የተጻፈበትን መሣሪያ ልማድ መሆኑ ነው። ልማዱ ከቃሉ ጋር ተመሳስሎ እስከኖረ ድረስ ልዩነቱ አይታይም። መሣሪያው ሲለወጥ ግን ሁለቱ ይለያያሉ።

ምሳሌውን ከራሷ ከመዘዞ ስም እወስዳለሁ። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የዩኒኮድ 3.0 እትም ለፊደላችን ቋሚ ቁጥሮችን መድቧል። በዚህም መሠረት «መ» 4632፣ «ዘ» 4824፣ «ዞ» 4830 ናቸው። እነዚህ ቁጥሮች በዛሬው ጊዜ እጅግ በተስፋፋው በዩ.ቲ.ኤፍ. 8 አጻጻፍ ሲቀመጡ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል፤ ስለዚህ «መዘዞ» የሚለው ቃል 225፣ 136፣ 152፣ ቀጥሎ 225፣ 139፣ 152፣ በመጨረሻም 225፣ 139፣ 158 ተብሎ በዘጠኝ ባይት ይጻፋል። በዋናው የፊደል ሰንጠረዥ ውስጥ ያለ ማንኛውም የኢትዮጵያ ፊደል የሚጀምረው በዚሁ በ225 ነው። መሠረታዊዎቹ የላቲን ፊደላት ግን ከ127 አይበልጡም።

አሁን በሲ ቋንቋ የሚጽፍ አንድ ፕሮግራመር፣ የገባለት ባይት የላቲን ይሁን የኛ ፊደል ለመለየት ፈለገ እንበል። የሲ ቋንቋ ቻር የሚባለው የባይት ዓይነት ከዜሮ በታች ያሉትን ቁጥሮች ይያዝ ወይም አይያዝ፣ ውሳኔውን ለየመሣሪያው ስምምነት ትቶታል። ሊኑክስ በኤክስ 86 ላይ ሲሠራ ቻር ከ128 ሲቀነስ እስከ 127 ይዘልቃል፤ ሊኑክስም ሆነ አንድሮይድ በአርም ላይ ሲሠሩ ግን ከ0 እስከ 255 ይሄዳል። ስለዚህ ያው አንድ ባይት፣ 225፣ በጠረጴዛው ኮምፒዩተር ላይ ከዜሮ በታች 31 ሆኖ ሲነበብ፣ በስልኩ ላይ 225 ሆኖ ይነበባል። ፕሮግራመሩ «ባይቱ ከዜሮ ካነሰ የኛ ፊደል ነው» ብሎ ቢጽፍ፣ አባባሉ በጠረጴዛው ላይ ሁልጊዜ እውነት፣ በስልኩ ላይ ሁልጊዜ ሐሰት ነው። ፈተናውንም የጻፈው እሱ ራሱ ከሆነ፣ «መዘዞ» የሚለውን ቃል ያስገባና ፕሮግራሙ የኛን ፊደል ማግኘቱን አይቶ ደስ ይለዋል። ይባስ ብሎ፣ የመጀመሪያው ባይት ከዜሮ በታች 31 መሆኑን እንደ ትክክለኛ መልስ በፈተናው ውስጥ ይጽፈዋል። ይህን ጊዜ ስሕተቱ ማኅተም ተመቶበት መዝገብ ቤት ገባ ማለት ነው።

የዚህ ውጤት ከባለሙያው ክፍል ውጭ ምን ይመስላል? አንዲት እናት ልጃቸውን ለማስመዝገብ ይመጣሉ፤ መዝጋቢው የልጁን ስም በስልክ ላይ ይጽፋል፤ ፕሮግራሙ በስሙ ውስጥ አንድም የሚያውቀው ፊደል ስላላገኘ «ስም አልተሞላም» ብሎ ይመልሳል። ይህ እንኳ የተሻለው ውድቀት ነው፤ ቢያንስ ይሰማል። የከፋው ፕሮግራሙ ስሙን ዝም ብሎ ባዶ አድርጎ ሲያስቀምጠው ነው። ልጁ ከዓመታት በኋላ ማስረጃ ሲጠይቅ ስም የሌለው መዝገብ ይወጣለታል፤ ወላጆቹ ደግሞ ጥፋቱን በመዝጋቢው ላይ ያደርጉታል። ማንም የፕሮሰሰሩን ልዩነት አይጠረጥርም።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? ብዙዎች ቶሎ የሚደርሱበት መልስ «ፕሮሰሰሩ አርም ከሆነ እንዲህ፣ ኤክስ 86 ከሆነ እንዲያ አድርግ» ብሎ በፈተናው ውስጥ መጻፍ ነው። እኔ ይህን አልደግፍም። አፕል የሚሠራቸው መሣሪያዎች ፕሮሰሰራቸው አርም ሲሆን ቻር ግን በእነሱ ላይ ከዜሮ በታች ያለውን ቁጥር ይይዛል፤ ይህ የሚያሳየው ነገሩ የሚወሰነው በፕሮሰሰሩ ስም ሳይሆን በሥርዓቱ ስምምነት መሆኑን ነው። ስለዚህ ፈተናው የመሣሪያውን ስም ሳይሆን ጠባዩን ይጠይቅ፤ የቻር ዝቅተኛ ወሰን ስንት እንደሆነ ቋንቋው ራሱ ይናገራል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ጥያቄውን ወደ ፕሮግራሙ ቃል መመለስ ነው። «በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ስንት ፊደል አለ?» መልሱ 3 ነው። «የመጀመሪያው ፊደል ቁጥሩ ስንት ነው?» መልሱ 4632 ነው። እነዚህ መልሶች በየትም አገር በተሠራ በማንኛውም ፕሮሰሰር ላይ አይለወጡም።

አንድ ጠቃሚ ነገር ልጨምር። ኮምፓይለሮቻችን የቻርን ጠባይ በትእዛዝ ለመለወጥ ይፈቅዳሉ። ስለዚህ አርም ያለው መሣሪያ የሌለው ፕሮግራመር በጠረጴዛው ኮምፒዩተር ላይ ፈተናዎቹን ሁለት ጊዜ፣ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ ጠባይ፣ ሊያስኬዳቸው ይችላል። ወጪው ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነው።

ከባይቱ ጠባይ ቀጥሎ የሚመጣው የባይቶች ቅደም ተከተል ነው። እኛ «ሃያ አንድ» ስንል ታላቁን አስቀድመን ነው፤ ዐረቦች ግን አንዱን አስቀድመው ሃያውን ያስከትላሉ። ፕሮሰሰሮችም እንዲሁ ሁለት ወገን ናቸው። ዳኒ ኮሄን የተባሉት የኮምፒዩተር ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1980 ባቀረቡት ጽሑፍ ይህን ጠብ እንቁላልን ከየትኛው ጫፍ መስበር ይገባል ብለው ከተዋጉት፣ ጆናታን ስዊፍት በ«የጉሊቨር ጉዞዎች» ከፈጠሯቸው ሕዝቦች ጋር አመሳስለውታል፤ የሁለቱም ወገን ስም እስከ ዛሬ ከዚያው ቀርቷል።

«መዘዞ» በዩ.ቲ.ኤፍ. 16 ሲጻፍ ለእያንዳንዱ ፊደል ሁለት ባይት ይበቃዋል። ታላቁ ባይት ሲቀድም 18 እና 24፣ 18 እና 216፣ 18 እና 222 ይሆናል። ይህንን ጽሑፍ ታናሹን ባይት የሚያስቀድም ፕሮግራም ሳይገለብጥ ቢያነበው «መ» 6162 ይሆናል፤ ይህም የሞንጎልያ ፊደል ሁለት ቁጥር ነው። የቀሩት ሁለቱ የሚደርስባቸው ደግሞ የበለጠ የሚያስገርም ነው። 55314 እና 56850 የሚሆኑት ቁጥሮች በዩኒኮድ ሥርዓት ለብቻቸው ፊደል መሆን የማይችሉ፣ ጥንድ ሆነው ብቻ አንድ ፊደል ለመወከል የተጠበቁ ናቸው፤ በአጋጣሚም የፊተኛው ከፊተኞቹ፣ የኋለኛው ከኋለኞቹ ወገን ሆነው ተገኝተዋል። ስለዚህ «ዘ» እና «ዞ» ተጣምረው ምንም ፊደል ያልተቀመጠበት አንድ ባዶ ቁጥር ይወጣቸዋል። ሦስት የነበረው ሁለት ሆነ፤ ፕሮግራሙም ሕግ የተጣሰ ስለማይመስለው አያጉረመርምም።

በዚህ ክፍል በተደጋጋሚ የሚታየው ደካማ ፈተና ጽፎ መልሶ የሚያነብ ፈተና ነው። ፕሮግራሙ ስሙን በፋይል ላይ ይጽፋል፤ እዚያው መሣሪያ ላይ መልሶ ያነበዋል፤ ሁለቱ አንድ ሆነው ሲገኙ ፈተናው ያልፋል። በማናቸውም መሣሪያ ላይ ማለፉ አይቀርም፤ የገለበጠው እጅ መልሶ ያቃናዋልና። ፋይሉ በሌላ መሣሪያ ይነበባል ተብሎ ከታሰበ ግን ፈተናው የተጻፈውን ባይት በባይት፣ 18፣ 24፣ 18፣ 216፣ 18፣ 222 ከሚለው ቋሚ ዝርዝር ጋር ማስተያየት አለበት። ዛሬ ኤክስ 86ም ሆነ ስልኮቻችን ላይ ያለው አርም ታናሹን የሚያስቀድሙ ስለሆኑ አንዳንዶች ይህ ጥያቄ አልቆለታል ይላሉ። አላለቀም፤ የኢንተርኔት መሠረታዊ ስምምነቶች ታላቁን የሚያስቀድሙ ናቸው። አይ.ቢ.ኤም. እ.ኤ.አ. በ1964 ካስተዋወቀው ከሲስተም 360 የሚወለዱት ትልልቅ ኮምፒዩተሮቹም እስከ ዛሬ ታላቁን ያስቀድማሉ።

ከመዘዞ ሳልርቅ ከሌላ ሙያ አንድ ነገር ላንሳ። ያ አካባቢ ለውጭው ገበያ ስሙ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በወጣው በኦፓል ድንጋዩ ነው፤ በኋላም እ.ኤ.አ. በ2008 ገደማ የወሎው የወገል ጤና ኦፓል ተከተለ። የከበሩ ድንጋዮች መርማሪ ድንጋዩን በአየር ላይና በውኃ ውስጥ መዝኖ እፍጋቱን ያሰላል። የወገል ጤናው ኦፓል ግን ውኃ በመምጠጥ የታወቀ ነው፤ በውኃው ውስጥ በቆየ ቁጥር ክብደቱ ስለሚለወጥ መርማሪው የሚያገኘው ቁጥር የድንጋዩን ብቻ ሳይሆን የቆይታውንም ነው። ሚዛኑ አልዋሸም፤ የተሳሳተው ድንጋይ ሁሉ ውኃ አይመጥም የሚለው፣ ያልተጻፈው ግምት ነው። (ኦፓልም ፕሮሰሰርም መሠረታቸው ሲሊኮን መሆኑን ለሚወዱት ሰዎች እተወዋለሁ።)

በኛ ሙያ እንደዚህ ያሉት ያልተጻፉ ግምቶች ብዙ ናቸው፤ ሁለቱን ብቻ በአጭሩ አነሣለሁ። የመጀመሪያው የትእዛዝ ቁጥር ነው። የሊኑክስን ከርነል «ጻፍ» ብሎ ለማዘዝ የሚሰጠው ቁጥር በ64 ቢት ኤክስ 86 ላይ 1፣ በ32 ቢቱ ላይ 4፣ በ64 ቢት አርም ላይ 64 ነው። በ32 ቢቱ ኤክስ 86 ላይ 1 ቁጥር «ጨርሰህ ውጣ» ማለት ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩን በእጁ የጻፈ ፈተና እዚያ ሲደርስ ጻፍ ሲሉት ተሰናብቶ ይሄዳል። ሁለተኛው የሜሞሪ ገጽ ስፋት ነው። ለብዙ ዓመታት 4,096 ባይት ብለን እንደ ሕግ ይዘነው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው አንድሮይድ 15 ግን ገጻቸው 16,384 ባይት የሆኑ መሣሪያዎችን ይደግፋል። 4,096 የሚል ቁጥር በፈተናው ውስጥ የጻፈ ሁሉ ሥርዓቱን ጠይቆ መረዳት ይኖርበታል።

እንዲህ ያለው መዛወር በአገራችን የታየ ነገር ነው። «ለእያንዳንዱ ሕፃን አንድ ላፕቶፕ» የተባለው ድርጅት ኤክስ.ኦ. የተሰኘችውን አረንጓዴና ነጭ ትንሽ ኮምፒዩተር እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ለኢትዮጵያ ተማሪዎች ሲያዳርስ፣ ከደረሳቸው ትምህርት ቤቶች አንዱ እዚሁ ሰሜን ሸዋ፣ ሬማ ይገኝ ነበር። የዚያች የመጀመሪያ ኤክስ.ኦ. ፕሮሰሰር ኤ.ኤም.ዲ. የሠራው፣ ከኤክስ 86 ቤተሰብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ይኸው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ለሚገኙ ልጆች የሰጣቸው ታብሌቶች ግን አርም ነበሩ። ድርጅቱ ራሱ የሠራት ተከታይ ላፕቶፕ፣ ኤክስ.ኦ. 1.75፣ እንዲሁ ወደ አርም ዞራለች። በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ድርጅት በአንድ አገር ከአንዱ ቤተሰብ ወደ ሌላው ተሻገረ።

ከዚህ ታሪክ እኔን የሚማርከኝ ኮምፒዩተሯ ስትነሣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሠራው፣ ኦፕን ፈርምዌር የተባለው የታችኛው እርከን ሶፍትዌር ነው። ሚች ብራድሌይ ሳን በተባለው ኩባንያ ውስጥ ሥራውን ሲጀምሩ የታሰበው ለስፓርክ ፕሮሰሰር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1994 ደረጃ ወጣለት፣ የፓወር ፒሲ ኮምፒዩተሮችም ያዙት፣ በመጨረሻም ወደ ኤክስ.ኦ. ገባና በኤክስ 86ም በአርምም ላይ ሠራ። እያንዳንዱ የኮምፒዩተሩ አካል፣ ድምፁም ሆነ ሰሌዳው፣ ራሱን የሚፈትንበት ትእዛዝ አብሮት ይቀመጣል። ቋንቋው ፎርዝ ነው፤ በዚህም አንድ የስሌት ቁጥር የሚይዘው ቦታ 4 ባይት ነው ተብሎ አይጻፍም፣ «የአንድ ቁጥር ስፋት» የሚል ስም ተሰጥቶት በስሙ ይጠራል እንጂ። የባይትን ቅደም ተከተል መገልበጥም እንዲሁ ስም ያለው ሥራ ነው። የቺፑን ልዩ አድራሻዎች የሚያውቀው ክፍል ለአዲሱ ቺፕ እንደገና ይጻፋል፤ ይህን ማስቀረት አይቻልም። ነገር ግን ያ ክፍል ቀጭን ሆኖ ለብቻው ከተቀመጠ፣ ከላዩ ያለው ፈተና ሳይነካ ይሻገራል። ሬማ ያለ አስተማሪ ድምፅ የማይሰጥ ላፕቶፕ ቢገጥመው አካሉ ተበላሽቶ ይሁን ሶፍትዌሩ ለማወቅ አዲስ አበባ ድረስ መላክ አያስፈልገውም ነበር፤ መፈተኛው ከውስጡ አለ።

እስካሁን ያነሣኋቸው ችግሮች በጥንቃቄ ለሚመለከት ሰው በሚጻፈው ፕሮግራም ላይ ይታያሉ። የማይታይ አንድ ችግር አለ። በዛሬው ፕሮሰሰር ውስጥ ብዙ የስሌት አንጎሎች ጎን ለጎን ይሠራሉ። አንዱ አንጎል ደብዳቤ ጽፎ በሣጥን ያስቀምጥና ደወል ይደውላል እንበል፤ ሌላው ደወሉን ሲሰማ ሣጥኑን ከፍቶ ደብዳቤውን ያነባል። በኤክስ 86 ላይ ደወሉ ከተሰማ ደብዳቤው ደርሷል፤ የፕሮሰሰሩ ሥርዓት ይህንን ቅደም ተከተል ይጠብቃል። አርም ግን ፍጥነት ለማግኘት ሲል፣ ጠብቅ ተብሎ በግልጽ ካልታዘዘ በቀር፣ ደወሉ ከደብዳቤው ቀድሞ እንዲሰማ ይፈቅዳል። ያን ጊዜ ሁለተኛው አንጎል የሚያነበው የትናንቱን ደብዳቤ ነው። ገንዘብ በስልክ በሚተላለፍበት በዚህ ዘመን የትናንት ሒሳብ ማንበብ ምን እንደሚያስከትል መዘርዘር አያስፈልገኝም።

ይህንን ስሕተት የያዘ ፕሮግራም በጠረጴዛው ኮምፒዩተር ላይ ሚሊዮን ጊዜ ቢፈተን ሚሊዮን ጊዜ ሊያልፍ ይችላል። እዚህ ላይ ፋብሪስ ቤላርድ እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጡት ኪው.ኢ.ኤም.ዩ. የተባለው፣ አንዱን ፕሮሰሰር በሌላው ላይ የሚያስመስለው ድንቅ መሣሪያ እንኳ ሙሉ በሙሉ አያድነንም። ለባይት ቅደም ተከተል፣ ለትእዛዝ ቁጥር፣ ለገጽ ስፋት እሱን አጥብቄ እመክራለሁ፤ ታላቁን የሚያስቀድመውን የአይ.ቢ.ኤም. ኮምፒዩተር ሳይቀር አስመስሎ በላፕቶፓችሁ ላይ ያስኬድላችኋል። አርምን በኤክስ 86 ላይ ሲያስመስል ግን ከሥር ያለው የኤክስ 86 ጥብቅ ሥርዓት ስለሆነ ደወሉ ከደብዳቤው ሲቀድም አታዩትም። ለዚህ ዓይነቱ ፈተና እውነተኛ ስልክ፣ ያውም ርካሽና ብዙ አንጎል ያለው ስልክ፣ ያስፈልጋል። የሚጠቀሙበት ሰዎች የያዙት እሱን ነውና የቢሮው ውድ ስልክ አይተካውም። ደግሞም የቅደም ተከተል ትእዛዙ በፕሮግራሙ ውስጥ በግልጽ መጻፉን በዓይን መመርመር ከመቶ ሺህ ሙከራ ይበልጣል።

በመጨረሻ ቀኑ ስለተቆረጠ አንድ ፈተና ልናገር። በብዙ የቆዩ 32 ቢት ሥርዓቶች ላይ ጊዜ የሚቆጠረው እ.ኤ.አ. ከ1970 መጀመሪያ አንሥቶ በሰከንድ ሲሆን፣ ቁጥሩ የሚቀመጥበት ቦታ 2,147,483,647 ላይ ይሞላል። ያ ሰከንድ በኛ አቆጣጠር ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ ይውላል። የጥምቀት ዕለት ማለዳ ነው። በቀጣዩ ሰከንድ ያልተስተካከለው መሣሪያ ቀኑን ወደ 1894 ዓ.ም. ይመልሰዋል። 64 ቢት ባለው የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ላይ የቀን መቁጠሪያ ፕሮግራም የሚፈትን ሰው ይህን ፈጽሞ አያገኘውም፤ በየገጠሩ በሥራ ላይ ያሉ አሮጌ 32 ቢት ስልኮች ግን ያገኙታል። ስለዚህ የዘመን አቆጣጠራችንን የሚያሰላ ፕሮግራም የምትጽፉ ሁሉ፣ ይህችን ሰከንድና የምትከተላትን ሰከንድ በፈተናችሁ ውስጥ በቁጥር አስገቧቸው፤ መልሱም በሁለቱም ላይ ጥር 11 ቀን 2030 መሆን አለበት፤ ከዚያም ፈተናውን ለ32 ቢት አዘጋጅታችሁ አስኪዱት። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ገብታችሁ ልታደርጉት የምትችሉት ሥራ ነው።

ጥያቄ ያላችሁ እንዳላችሁ ከፊታችሁ አያለሁ፤ ስለዚህ የቀረውን ጊዜ ለእናንተ እለቃለሁ።